«አነሰን» እና «ተበደልን»፦ ስለ ኮሌጅ ሠራተኞች ጥቅማጥቅም፣ ፍትሐዊነትና የሥራ እርካታ

ክቡራትና ክቡራን የኮሌጅ ኃላፊዎች፣ የሰው ሀብት ባለሙያዎችና የሠራተኛ ተወካዮች፤

በኮሌጅ ግቢ ስለ ጥቅማጥቅም የሚነሳው ቅሬታ በሩቁ ሲሰሙት አንድ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላዳመጠው ግን ሦስት ነው። አንደኛው «አነሰን» ይላል፤ የአበሉ ወይም የሕክምና ሽፋኑ መጠን ኑሮን አይደግፍም ነው ነገሩ። ሁለተኛው «ተበደልን» ይላል፤ መጠኑ አይደለም ያናደደው፣ ለእነ እገሌ ተሰጥቶ ለእኔ መቅረቱ ነው። ሦስተኛው «አልደረሰንም» ይላል፤ ጥቅሙ በመመሪያ ላይ ተጽፏል፣ ነገር ግን እኔ ባለሁበት የሥራ ሰዓትና የደመወዝ እርከን ሊሠራ አይችልም ማለቱ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። አስተዳደሮች የሚሳሳቱት ሁሉንም «አነሰን» ብለው ስለሚተረጉሙት ነው። ከዚያ «በጀት የለም» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ይቀላል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቅሬታ ለመፍታት ግን ብዙውን ጊዜ በጀት አያስፈልግም፤ ወይም ጥቂት ይበቃል። የዛሬው ንግግሬ በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ደመወዝ መጠን አንድ ነገር ልበል። ቲሞቲ ጃጅና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጥናት ቀደም ብለው የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን በአንድነት ሲያሰሉ፣ በደመወዝ መጠንና በሥራ እርካታ መካከል ያገኙት ዝምድና 0.15 ገደማ ነበር። ዝምድናው ፍጹም ቢሆን 1 ይሆን ነበር። ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ 0.02 ገደማ ይሆናል። በእርካታ ላይ ከሚታየው ልዩነት በደመወዝ መጠን የሚገለጸው ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ይዞ «ገንዘብ ዋጋ የለውም» የሚል ኃላፊ አይጠፋም፤ ያ ማላገጥ ነው። ደመወዙ ለወር አስቤዛ የማይበቃው ሰው ስለ ፍትሕ ንድፈ ሐሳብ ቢነገረው አይሰማም፣ መስማትም የለበትም። ቁጥሩ የሚያሳየው ሰው የሚያገኘውን የሚመዝነው ለብቻው አለመሆኑን ነው፤ ከጎኑ ካለው ጋር አስተያይቶ ነው።

ይህንን በዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ሙከራ አለ። በኋላ በ2021 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት የተሰጠው ዴቪድ ካርድና ሦስት ባልደረቦቹ፣ ውጤቱን በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን በዕጣ ለይተው ለከፊሎቹ አንድ መልእክት ላኩ፦ የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ በስም መፈለግ የሚቻልበት ድረ ገጽ መኖሩን የሚያስታውስ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁሉንም ስለ እርካታቸው ጠየቁ። መልእክቱ ከደረሳቸው መካከል በክፍላቸው ከመካከለኛው ደመወዝ በታች የሚያገኙት እርካታቸው ቀነሰ፣ ሌላ ሥራ የመፈለግ ሐሳባቸውም ጨመረ። ከመካከለኛው በላይ የሆኑትስ? ምንም አልተጨመረላቸውም። ብልጫ ያለው ሰው ብልጫውን እንደ ተገቢው ይቆጥራል፤ ያነሰበት ግን ይቆጠቁጠዋል።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ደመወዝና አበል በምስጢር ይያዝ» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ አለ። እኔ አልስማማም። ምስጢር ንጽጽርን አያስቀረውም፤ በግምት እንዲሠራ ያደርገዋል እንጂ። ግምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ ያለ ልዩነት በአደባባይ ቢወጣ ያነጋግር ይሆናል እንጂ አያፈርስም። ለማስረዳት የማይቻለው ልዩነት ከሆነ ግን ችግሩ መውጣቱ ላይ አይደለም።

በ1960ዎቹ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ስቴሲ አዳምስ ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሰው የሚያነጻጽረው ያገኘውን ብቻ አይደለም፤ ካዋጣው ጋር አካፍሎ ነው። ድካሜ ለክፍያዬ፣ ድካሙ ለክፍያው። ኮሌጅን ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚለየው እንግዲህ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ካፊቴሪያ፣ በአንድ ሰርቪስ የሚገናኙ ሦስት ዓይነት ሠራተኞች መያዙ ነው፦ መምህራን፣ የአስተዳደር ሠራተኞች፣ የቴክኒክና የድጋፍ ሠራተኞች። የሦስቱ ድካም የሚቆጠርበት መንገድ ይለያያል። መምህሩ በክሬዲት ሰዓት ይቆጠርለታል፣ የሬጅስትራር ሠራተኛዋ በመግቢያና መውጫ ሰዓት፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ በምንም አይቆጠርም።

የላብራቶሪውን ጉዳይ በቅርበት እንየው። የማታ ፕሮግራም ተከፈተ እንበል፤ ለአንድ ቡድን የሦስት ሰዓት ተግባራዊ ትምህርት አለ። የመምህሩ የትርፍ ሰዓት ቀመር ሦስት ሰዓት ይቆጥርለታል። ቴክኒሻኑ ከክፍለ ጊዜው በፊት ንጥረ ነገሩን ይመዝናል፣ ያሟሟል፣ በየጠረጴዛው ያከፋፍላል፤ ይህ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ከተማሪዎቹ አይለይም። ሲያልቅ ብርጭቆ ማጠብ፣ ዝቃጩን በየዓይነቱ ለይቶ ማስወገድ፣ መሣሪያ ቆጥሮ መዝጋት ሌላ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። የማታው ፕሮግራም የክፍያ መመሪያ «ለማስተማር» ብሎ ከተጻፈ የእሱ ቁጥር ዜሮ ይሆናል። ቀመሩን ያወጡት ሰዎች ክፋት አላሰቡም። በኮሚቴው ውስጥ የነበሩት በሙሉ መምህራን ስለነበሩ ዝግጅትና ማጽዳት የሚባል ሥራ ትዝ አላላቸውም። በፈተና ሰሞን ለተቆጣጣሪዎች ሲከፈል፣ ወረቀት ሲያባዙና ሲያሽጉ የሚያመሹት ሠራተኞች ከዝርዝሩ የሚቀሩትም በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የክፍያ ቀመር ከመጽደቁ በፊት ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰንጠረዥ ይሰፈር፦ ምን ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ አሁን በምን ይከፈላል። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ረድፍ ላይ ወይ ክፍያ ይታሰብ፣ ወይ የማካካሻ ዕረፍት፣ ወይ ከመደበኛ ሥራው ይቀነስለት።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልግባ፤ አብዛኛው በደል የሚፈጠረው እዚህ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄራልድ ሌቨንታል በ1980 አንድ አሠራር ፍትሐዊ መስሎ እንዲታይ የሚያስፈልጉ ስድስት ነገሮችን ዘርዝሯል፦ ለሁሉም በአንድ ዓይነት መሥራቱ፣ ከወገንተኝነት መራቁ፣ በትክክለኛ መረጃ ላይ መቆሙ፣ ሲሳሳት ሊታረም መቻሉ፣ የሚመለከታቸው ወገኖች ድምፅ ያላቸው መሆኑ፣ ከሥነ ምግባር ጋር አለመጋጨቱ። ስድስቱን በቃል መያዝ ጥቅም የለውም። ግቢ ውስጥ እጅግ የሚያጨቃጭቀውን የትምህርት ዕድል አሰጣጥ እንውሰድና እናያቸው።

ጣጣው ከማስታወቂያው ይጀምራል። ማስታወቂያው ዓርብ ከሰዓት ተለጥፎ ማክሰኞ የሚዘጋ ከሆነ፣ መስክ ላይ ያለው፣ በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለችው፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው አላየውም። ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ይስጡ፤ በፈቃድ ላይ ላሉት በስልክ መልእክት ይድረሳቸውና የደረሳቸው መሆኑ በመዝገብ ይያዝ። ቀጥሎ የአገልግሎት ዘመን ይመጣል። በዓመት ከተቆጠረ አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ያገለገለው «አራት» ይባላል፣ አምስት ዓመት ከሞላው ጋር በአንድ ወር ልዩነት የአንድ ዓመት ነጥብ ያጣል። በወር ይቁጠሩ። የወሊድና የሕመም ፈቃድ ከአገልግሎት ይቆጠር አይቆጠር ከውድድሩ በፊት ይጻፍ፤ ተወዳዳሪ ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ደንብ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን የሚታመን አይደለም።

ከሁሉ የሚረቀው የነጥብ አሰጣጡ ነው። መመዘኛው እንዲህ ነው እንበል፦ የሥራ አፈጻጸም 40፣ የአገልግሎት ዘመን 30፣ የቅርብ ኃላፊ አስተያየት 20፣ የድጋፍ ነጥብ 10። በወረቀት ሲታይ አፈጻጸም ይመራል፣ አስተያየት ሦስተኛ ነው። ነጥቡ ሲሞላ ግን የአፈጻጸሙ ውጤት ለሁሉም ከ36 እስከ 38 ይሆናል፤ ምዘናው ለሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ስለሚሰጥ። የኃላፊው አስተያየት ግን ከ8 እስከ 19 ይዘረጋል። 40 የተባለው መመዘኛ ሁለት ነጥብ ብቻ ሲለይ፣ 20 የተባለው አሥራ አንድ ነጥብ ይለያል። ዕድሉን የሰጠው አስተያየቱ ነው። ተወዳዳሪዎች ይህን በስሌት ባያስረዱትም ይገባቸዋል፤ «በትውውቅ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው፣ ሐሰትም አይደለም። ሌላው ጣጣ የትምህርት ክፍሎቹ ልማድ ነው፤ የአንዱ ክፍል ኃላፊ ከ18 በታች አይሰጥም፣ የሌላው ከ15 በላይ አይሰጥም። የጥብቁ ኃላፊ ሠራተኞች ከመነሻው ተሸናፊ ናቸው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከውሳኔ በፊት ለእያንዳንዱ መመዘኛ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነጥብ ጽፈው ልዩነቱን ይመልከቱ። አስተያየቱን በአራት ወይም በአምስት በሚታይ ተግባር ይሸንሽኑት፤ «ታታሪ ነው» ሳይሆን «ባለፈው ሴሚስተር ውጤት በጊዜው አስገብቷል»። የኃላፊዎችን ልማድ ለማስተካከል የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ ነጥብ ያው ኃላፊ ከሰጠው አማካይ ነጥብ ጋር ያወዳድሩ፤ አንድ ኃላፊ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ካቀረበ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፣ ያኔ አስተያየቱን በማለፍና በመውደቅ ብቻ መያዝ ይሻላል። የኮሚቴ አባል ራሱ ወይም ዘመዱ ከተወዳደረ ይነሳ፤ መነሳቱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ነጥብ እኩል ሲሆን ማን እንደሚቀድም አስቀድሞ ይወሰን። ውጤቱ ሲለጠፍ የአሸናፊዎች ስም ብቻ አይለጠፍ፤ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱ ነጥብ በየመመዘኛው ተዘርዝሮ በእጁ ይድረሰው።

ስለ ማስረዳት ጄራልድ ግሪንበርግ በ1990 ያሳተመው ጥናት በሰፊው ይጠቀሳል። ቦታው ኮሌጅ አልነበረም፣ ፋብሪካ ነው። በሁለት ፋብሪካዎች ደመወዝ ለአሥር ሳምንት በ15 በመቶ ተቀነሰ። በአንደኛው ኃላፊው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሞ ምክንያቱን በመረጃ አስረዳ፣ ማዘኑን ገለጸ፣ ጥያቄ መለሰ። በሁለተኛው ለሩብ ሰዓት ያህል ነገሩን ተናግሮ ወጣ። ስርቆት በሁለቱም ጨመረ፤ ባልተብራራበት ግን እጅግ በዛ፣ የለቀቀውም ሠራተኛ በዛ። የተቀነሰው ገንዘብ እኩል ነበር። ኮሌጅ ውስጥ የሚሰረቀው ነገር ምናልባት ሰዓት ነው፦ የተማሪ ማማከሪያ ሰዓት የተዘጋ በር ይሆናል፣ የሬጅስትራር መስኮት ቀደም ብሎ ይዘጋል።

«አልደረሰንም» ወደሚለው ልለፍ። አበል በደመወዝ መቶኛ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን ቁጥር ይናገር። የአንዱ ሠራተኛ ደመወዝ 100፣ የሌላው 400 ይሁን። የትራንስፖርት አበሉ 10 በመቶ ከሆነ አንዱ 10፣ ሌላው 40 ያገኛል፤ ልዩነታቸው ከ300 ወደ 330 ሰፋ። ያንኑ 50 እኩል ቢካፈሉት እያንዳንዳቸው 25 ያገኛሉ፣ ልዩነቱ በ300 ይቆያል፤ ለዝቅተኛው ተከፋይ ግን የደመወዙ ሩብ ነው። የኃላፊነት አበል በመቶኛ ቢሆን ምክንያት አለው፤ የትራንስፖርት ታሪፍ ግን የተሳፋሪን ደመወዝ አይጠይቅም። የቤት ብድርም እንዲሁ ነው። «ወርኃዊ ተቀናሹ ከደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም» የሚለው ደንብ ተበዳሪን ለመጠበቅ የተጻፈ መልካም ደንብ ነው፤ ዝቅተኛው የብድር መጠን ከፍ ተደርጎ ሲወሰን ግን ዝቅተኛ እርከን ላይ ያሉትን በሙሉ ያስወጣቸዋል። የብድሩን ዝቅተኛ መጠን ማውረድ፣ ለቤት ጥገና የሚሆን አነስተኛ ብድር መጨመር ነገሩን ያቃልለዋል። በየዓመቱ መታየት ያለበት እንግዲህ «ስንት ጥቅማጥቅም አለን?» የሚለው ሳይሆን በየእርከኑ ስንት ሰው ተጠቀመ የሚለው ነው።

ለመስጠት ደግሞ መቸኮል አይገባም። አሜሪካዊው ባለጸጋ አንድሩ ካርኔጊ በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ነፃ ጡረታ የሚሆን አሥር ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በዘመኑ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ሆኖም ተጠቃሚው እየበዛ ሲሄድ እንደማይበቃ ለመታወቅ ብዙ ዓመት አልፈጀም። በ1918 ሠራተኛውም አሠሪውም የሚያዋጡበት ቲአይኤኤ የተባለው የጡረታ ተቋም በምትኩ ተቋቋመ። በብሪታንያ ደግሞ በ2018 የዩኒቨርሲቲዎችን የጡረታ ዕቅድ ለመለወጥ የቀረበው ሐሳብ ከስድሳ በላይ ዩኒቨርሲቲዎችን ለ14 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ ዳረጋቸው፤ በ2022 የተቀነሰው ጥቅም የተመለሰው በ2024 ነው። የተሰጠን መንሣት ካለመስጠት ይብሳል። ስለዚህ አዲስ ጥቅም ሲታሰብ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ብቻ ሳይሆን የአሥር ዓመቱን ያስሉ፦ አሁን የሚያሟሉት ስንት ናቸው፣ በየዓመቱ ስንት ይጨመራሉ፣ ሁሉም ቢጠይቁ ስንት ይሆናል። ለሙከራ የሚሰጥ ከሆነ የሚያበቃበት ቀን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ይጻፍ።

በገንዘብ የማይቆጠረውም አለ። ናንሲ ሆፕኪንስ የተባሉት የባዮሎጂ ሊቅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጨማሪ የላብራቶሪ ቦታ ጠይቀው ሲከለከሉ፣ ሜትር ይዘው የወንዶቹንና የሴቶቹን ላብራቶሪ ስፋት ለኩ። ልዩነቱ በቁጥር ወጣ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ተቋሙም በ1999 ባወጣው ሪፖርት በሳይንስ ፋኩልቲው ሴት መምህራን በቦታ፣ በደመወዝና በሌሎችም ነገሮች መበደላቸውን አመነ። በየኮሌጁ ሊለካ የሚችል ብዙ ነገር አለ፦ የቢሮ ስፋት በነፍስ ወከፍ፣ ኮምፒውተሩ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከምሽቱና ከቅዳሜው ክፍለ ጊዜ ማን ስንት ደረሰው፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ሥልጠና ማን ስንት ጊዜ ሄደ። አንድ ሰው ለአንድ ሳምንት ቢመደብበት ያልቃል።

ስለ እርካታ መጠይቅ ጥቂት ልጨምር። በብዛት የሚሠራበት ፖል ስፔክተር በ1985 ያወጣው ነው፤ 36 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፣ ዘጠኝ ዘርፎችን በአራት በአራት ይጠይቃል፣ ጥቅማጥቅም አንዱ ዘርፍ ነው። መልሱ ከ1 እስከ 6 ይሰጣል፤ ጠቅላላ ድምሩ ከ36 እስከ 216 ይሆናል። በአንድ ዘርፍ ከ4 እስከ 12 ቅር መሰኘት፣ ከ16 እስከ 24 እርካታ፣ በመካከል ያለው ማመንታት ተብሎ ይወሰዳል። የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሮቹ ግማሽ ያህሉ በአሉታ የተጻፉ ናቸው፤ ነጥባቸው ከመደመሩ በፊት መገልበጥ አለበት፣ 6 የነበረው 1፣ 5 የነበረው 2 ይሆናል። ይህን የዘለለ ሰው ውጤቱ ሁሉ ወደ መካከል ተሰብስቦ ያገኘዋል፤ «ሠራተኛው አያጉረመርምም፣ አልተደሰተምም» ብሎም ይጽፋል።

አማካይም ያታልላል። በጥቅማጥቅም ዘርፍ መምህራኑ 19፣ የድጋፍ ሠራተኞቹ 9 ቢያስመዘግቡና ቁጥራቸው እኩል ቢሆን የኮሌጁ አማካይ 14 ነው፤ 14 የሚሰማው ግን አንድም ሰው የለም። ስለዚህ በቡድን ይለዩ፣ ሆኖም ከአምስት ሰው በታች የሆነ ቡድን ውጤት አይውጣ። ፆታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ክፍልና የአገልግሎት ዘመን በአንድ ቅጽ ከተጠየቁ ስም ባይጻፍም ሰውየው ይታወቃል፤ ይህን ያወቀ ሠራተኛ ደግሞ እውነቱን አይጽፍም። በኢሜይል ብቻ የተላከ መጠይቅ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችን አያገኝም፤ በወረቀት፣ በፈረቃቸው መለዋወጫ ሰዓት፣ በተቆለፈ ሣጥን ይሰብሰብ። ጭማሪ በተሰማበት ሳምንት ወይም በፈተና ሰሞን አይጠየቅ።

ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ውሳኔውን ከሰጠው አካል የተለየ ይሁን። ቅሬታ ለማቅረብ አሥር፣ ለመመለስ አሥራ አምስት የሥራ ቀን ይበቃል፤ መልሱ በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ከመመሪያው አንቀጽ ጋር ተጠቅሶ ይሰጥ። ትምህርት ዕድሉ ተሰጥቶ ሰውየው ከሄደ በኋላ የሚታይ ቅሬታ ከንቱ ስለሆነ፣ የቅሬታው ጊዜ ሳያልፍ ደብዳቤ አይውጣ።

አንድ ቡድን ቀርቷል፤ በኤጀንሲ በኩል ተቀጥረው የሚያጸዱና የሚጠብቁ። በኮሌጁ የደመወዝ መዝገብ ላይ የሉም፣ በመጠይቁ ናሙና ውስጥም አይገቡም፤ ግቢውን ማለዳ የሚከፍቱት ግን እነሱ ናቸው። ኮሌጁ ቀጣሪያቸው ስላልሆነ ደመወዛቸውን በቀጥታ ሊያስተካክል አይችል ይሆናል፤ ሰርቪሱን፣ ክሊኒኩን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የካፊቴሪያ ዋጋውን ለእነሱም መክፈት ግን በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ነው። የቀረው በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጻፋል፦ ኤጀንሲው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሚከፍለው ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድና የጡረታ መዋጮ፣ በየወሩ የክፍያ ዝርዝር ካላቀረበ ክፍያው እንደማይለቀቅለት። ዋጋ ብቻ የሚያወዳድር ጨረታ አሸናፊውን የሚመርጠው ከሠራተኛው ላይ ብዙ የቀነሰውን ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ነጥቦች ዋጋ ከመከፈቱ በፊት በቴክኒክ ምዘናው ይታዩ፣ ያላሟላ ተጫራች ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለት።